የእጀታው ባዶ ዙር

ሰበታ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሪቱ፣ ሱሉልታ

እንደምን ሰነበትሽ? አማቼ አቶ ገርባስ? እናቱ ወይዘሮ ገለቴስ? እኛ ከወገቤ በቀር ደህና ነን፤ ወገቤም የለመድኩት ስለሆነ እንደ ደህና ቁጠሪው። እናትሽ ሽሮ ቋጥራ ልካልሻለች። ሾፌሩ ዲኖ ከመኪናው ማውረዱን እንዳይረሳ ንገሪው ብላለች፤ ግን ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ዲኖም ደርሷል ማለት ስለሆነ እንዴት ቀድመሽ እንደምትነግሪው አላወቅኩም። ብቻ አደራ ስላለችኝ ጻፍኩት።

በብጣሽ ወረቀት የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። ሰላምታ እንኳ የለውም። የብረት መቅረጫው የቶርኖው እጀታ በባዶ ይዞራል፣ ቢላው አይንቀሳቀስም፣ ምን ይደረጋል ነው የሚለው። ከመመለሴ በፊት ያስጨነቀኝን በተራ ልጻፈው፤ አለዚያ ይቀላቀልብኛል።

አንደኛ፣ ዲኖ ድርቆሽ ሊጭን እናንተ ዘንድ ሲመጣ የሱቁ በር ዝግ ነበር አለኝ። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለውም ሲመጣ ዝግ ነበር። ሦስተኛ፣ የቡራዩው ሸምሰዲን ይህን ወሬ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ቶርኖው ከቆመ ልግዛው ብሎ ቤቴ ድረስ መጣ። ለሠርጋችሁ ስሰጣችሁ በሽማግሌዎቹ ፊት ምን እንዳልኩ አንቺም ነበርሽ፤ ከሠራ የእናንተ ነው፣ ከቆመ መልሼ እወስደዋለሁ ብያለሁ። ቃል ነው። ለሸምሰዲን ልጠይቅ ብዬ ሸኘሁት። አራተኛም ነበረኝ፤ ጠፋኝ።

አሁን ወደ እጀታው። ይህን ለአቶ ገርባ አንብቢለት። እኔ ለአማቼ በቀጥታ እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አድርግ ብዬ ብጽፍ ነውር ነው። እሱም እኔን መጠየቅ ያፍራል። ስለዚህ ያው እንደ ልማዳችን ባንቺ በኩል ይሁን።

ቢላውን ወደሚቆረጠው ብረት የሚያስጠጋው ተንሸራታች ከሥሩ ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ፣ ቪቴ፣ አለው። ቪቴው የሚሄደው ውስጡ ጥርስ ባለው የነሐስ ዳዶ ውስጥ ነው። በሥራ ብዛት ሁለቱ ሲበላሉ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። እጀታው ወደ አንድ በኩል ሲዞር ቆይቶ ወደ ሌላው ሲመለስ መጀመሪያ ያንን ክፍተት ነው የሚጨርሰው። እጅ ይዞራል፣ እጀታው ላይ የተቀረጸው ቁጥርም ይዞራል፣ ቢላው ግን ካለበት አይነቃነቅም።

ሞተሩን ያጥፋ። ዘይቱንና ፍርፋሪውን በጨርቅ ይጥረግ። ተንሸራታቹ ላይ በአንድ መስመር ሦስት ብሎኖች አሉ። የፊተኛውን እንዳይነካ። የኋለኛውን ትንሽ ያላላ። የመሐለኛው ሽብልቅ የሚስብ ነው፤ በካቻቢቴ ቀስ እያለ ሲያጠብቀው ሽብልቁ ዳዶውን ለሁለት ይገፋና ክፍተቱ ይጠባል። ከዚያ የኋለኛውን መልሶ ያጥብቅ። እጅጌውን ይጠቅልል፤ የለበሰው ነገር የሚዞረው ብረት ጋ አይድረስ። ይህን ለባለሙያ መንገር ስድብ መሆኑን አውቃለሁ። ካልነገርኩ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

መጥቼ ባየው ይቀለኝ ነበር። አማች ቤት ሳይጠሩ መሄድ ግን የለም። እሱ እስኪጠራኝ እቀመጣለሁ።

አባትሽ ወንዳፍራሽ


ሱሉልታ፣ ጥቅምት 15

አባዬ፣

እንደምን አሉልኝ? ወገብዎንስ? እማዬስ? ሽሮው ደርሷል። ዲኖ እውነትም ረስቶት ነበር፤ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ዓይኔን አይቶ ሮጦ ተመልሶ አመጣው። ስለ ሰላምታው ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዲኖ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር የጻፍኩት።

የሱቁ በር የሚዘጋው ለነፋሱ ነው። አጫጆቹ ሜዳው ላይ ስላሉ ብናኙ ገብቶ ዘይቱ ላይ ይለጠፋል። ከውስጥ ተዘግቶ ይሠራል። ቶርኖው አልቆመም አባዬ። ለሸምሰዲን አልቆመም ይበሉልኝ።

ያሉት ሁሉ ተደርጓል። ሽብልቁ ሲሳብ መሐል ላይ ባዶው ዙር ጠፋ። ተደስተን ሳናበቃ ተንሸራታቹ ወደ ዳር ሲወጣ ነከሰ። አይሄድም፣ አይመለስም። እጀታው ደረት ላይ ስለሚደርስ በክንድ መግፋት ያስቸግራል፤ በሁለት እጅ ተንጠልጥሎ ነው የተላቀቀው። ምን እናድርግ?

የሚያስቸኩለን የኦቦ ዱቤ ወፍጮ ነው። ዘንጉ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት አልቆ ወፍጮው ቆሟል፤ ሰዉ እህሉን ጭኖ ጫንጮ ድረስ ይሄዳል። ኦቦ ዱቤ ክፉ ሰው አይደለም። ለኅዳር ሚካኤል ካደረሳችሁልኝ ሥራዬ ሁሉ የእናንተ ነው፣ ካላደረሳችሁልኝ ግን አዲስ አበባ አሠራለሁ፣ ከዚያ ወዲያም አልመለስም ብሏል። እሱ ከሄደ ሌላውም ይከተለዋል። ያኔ ቶርኖው እውነትም ይቆማል።

ገርባ እጅ ነስቷል። አጠገቤ ተቀምጧል።

ልጅዎ ማሪቱ


ሰበታ፣ ጥቅምት 20

ለልጄ ለማሪቱ

እንደምን ነሽ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? በእውነት ደህና ናችሁ ወይ? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር የባሰ አልገባኝ አለ።

እጀታው ደረት ላይ ይደርሳል ብለሻል። አቶ ገርባ እኮ በሠርጉ ቀን ድንኳኑ ራሱን እንዳይነካው ጎንበስ ብሎ የገባ ሰው ነው። ለእኔ ሆዴ ላይ የነበረ እጀታ ለእሱ እንዴት ደረቱ ላይ ይሆናል? ቶርኖውን ድንጋይ ላይ ሰቅላችሁታል? ከሆነ ይንቀጠቀጣል፤ አውርዱት። ወይስ ተቀምጦ ነው የሚሠራው? አጠገቤ ተቀምጧል ብለሻል። ተቀምጦ ቶርኖ የሚሠራ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። እናትሽን ብጠይቃት ደክሞት ይሆናል አለችኝ። እሷ ስለ ሁሉም ነገር ደክሞት ይሆናል ነው የምትለው።

መንከሱ የማሽኑ ክፋት አይደለም። እኔ በዚያ ቶርኖ ላይ ስሠራ የኖርኩት ትንንሽ ዕቃ ስለሆነ ቪቴው የተበላው መሐሉ ላይ ነው። ዳርና ዳሩ እንደ አዲስ ነው። መሐሉን ይዞ ያጠበቀ ሰው ዳር ሲደርስ ይታነቃል። ስለዚህ ተንሸራታቹን ዳር አውጥቶ እዚያ በልኩ እስኪሄድ ድረስ ሽብልቁን መልሶ ያላላው። መሐል ላይ ትንሽ ባዶ ይቀራል። ይቅር። ፈጽሞ አጠፋዋለሁ ያለ ሰው ዳዶውን ይሰብራል።

በቀረው ባዶ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ይስማ። ወደ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይምጣ። ካለፈው፣ እጀታውን ትንሽ መለስ አድርጎ ቁጥሩ ላይ ማቆም አይበቃም፤ ቁጥሩ ተመለሰ እንጂ ቢላው አልተመለሰም። አንድ ሙሉ ዙር ወደኋላ ይሂድና እንደገና ከመጀመሪያው ወገን ይምጣ። ነሐስ ውድ ነው፤ የተቆረጠ አይቀጠልም።

ሌላ የማይገባኝ ነገር አለ። አቶ ገርባ እጅ ነስቷል ከማለት በቀር አንድ ቃል አልላከም። በፊት እኮ ባንቺ በኩልም ቢሆን ስለ ብረቱ፣ ስለ ዘይቱ ይጠይቀኝ ነበር። አስቀየምኩት ይሆን? ለመስቀል የላክሁት በግ ነው? አነስተኛ እንደነበረ አውቃለሁ። ትልቁ በግ ያነክስ ነበር፤ አማች ቤት የሚያነክስ በግ ከምልክ ብዬ ነው። ይህን ንገሪው። ወይም አትንገሪው። አንቺ ይሻላል ያልሽውን አድርጊ።

ወይስ ሌላ ሠራተኛ ቀጠራችሁ? አጭር ሰው? ስሙ ማነው?

አባትሽ


ሱሉልታ፣ ጥቅምት 29

አባዬ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። ቶሎ ስላልመለስኩ ይቅር ይበሉኝ።

በጉ ጥሩ ነበር። ቂም የለም። ቶርኖው መሬት ላይ ነው፣ አልተሰቀለም። ሠራተኛም አልቀጠርንም። የቀረውን ጥያቄ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰው አንድ ቀን ዘግይቶ ነው፤ የመጀመሪያው ቀለበት ቀደም ብሎ ተበላሽቷል። ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው የሆነው። እጀታው ቁጥሩን አለፈ፣ ትንሽ ተመለሰ፣ ቁጥሩ ላይ ቆመ፤ ቢላው ግን አልተመለሰም ነበርና ከልኩ በላይ ቆረጠው። ቀለበቱን ወፍጮው ላይ ባለው መቀመጫ ቤቱ ውስጥ ስናስገባው ምንም ሳይዘው ገብቶ ወደቀ። ኦቦ ዱቤ አነሳው፣ አየው፣ “ይሄ ለጣቴ ነው?” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ገለቴ ብቻ አልሳቀችም። የተረፈን አንድ ቁራጭ ነሐስ ነው።

ሽብልቁ አሁን ዳር ላይ ተለክቶ ላልቷል። መሐል ላይ ባዶው አለ፤ ግን አለ ብሎ ማወቁ በራሱ ይረዳል። አንድ ሙሉ ዙር ወደኋላ፣ ከዚያ መምጣት። እጅ እየለመደው ነው። አይስጉ፣ እጅጌ ይጠቀለላል፣ ነጠላ በሩ ላይ ይሰቀላል፣ ጸጉርም በሻሽ ይታሰራል። ወይዘሮ ገለቴ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ “ጀባዱ ኢንተላ ኮ” ትለኛለች፤ በርቺ ልጄ ማለቷ ነው።

ማሪቱ


ሰበታ፣ ኅዳር 3

ማሪቱ፣

ለሰላምታ ልቤ አልቆመም። በኋላ እጽፈዋለሁ።

ግራ የገባኝን ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። እጀታው ደረት ላይ ይደርሳል። ወንድ ልጅ ነጠላ ሰቅሎ፣ ጸጉሩን በሻሽ አስሮ ቶርኖ ላይ ይቆማል። አማቼ ይቀመጣል። ሐማትሽ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ በርቺ የምትለው ልጇን ሳይሆን አንቺን ነው። ተደረገ፣ ተሳበ፣ ተላቀቀ፣ ላላ ትያለሽ፤ ገርባ አደረገ፣ ገርባ ሳበ የሚል አንድም ቦታ የለም። መጀመሪያ አቶ ገርባ አሞታል አልኩ። ከዚያ ጥሏት ሄዷል አልኩ፤ ግን አጠገቤ ተቀምጧል ብለሻል፣ አንቺ ደግሞ አትዋሺም። ትዋሻለሽ እንዴ? ከዚያ ሁሉን ትቼ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። እናትሽ ዛሬ ደክሞት ይሆናል አላለችም። 

ሸምሰዲን ትናንት ተመልሶ መጥቶ ነበር። ጋሪና የሸክም ሠራተኛ አዘጋጅቻለሁ፣ በሚካኤል ማግስት ሱሉልታ ሄጄ ልጫነው አለኝ። አዎም እምቢም አላልኩትም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ቶርኖው ላይ የቆመው ማነው?

አባትሽ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 9

አባዬ፣

እኔ ነኝ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ገርባ የጋሪ ዘንግ ሲያስተካክል ከቶርኖው የተፈናጠረ የብረት ፍርፋሪ ዓይኑ ገባ። ሆስፒታል ሰነበትን። ሁለቱም ዓይኖቹ ታሽገው ነው የመጣው። ሐኪሙ የግራው ይድናል አለ፣ ስለ ቀኙ ግን ጥር ላይ ስንፈታው እናያለን አለ። እናያለን ሲል ገርባ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እንዳልነግርዎ ያስማለኝ እሱ ነው። አማቼ ማሽን ሰጡኝ፣ እኔ ደግሞ ገና ዓመት ሳይሞላው ታምሜ ተቀመጥኩ፣ ይህን እንዴት ይሰማሉ አለ። እርስዎ ከመጡ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት አለበት፤ በየት በኩል እንደቆሙ እንኳ አያውቅም። ጀርባውን ሰጥቶ እጅ እንዳይነሳዎ ነው የፈራው። ለዚህ ነው ያልጠራዎ። እኔም ዝም ያልኩት ወደ ቤት ነይ እንዳይሉኝ ነው። ብሽቀትዎን አውቃለሁ። አሁን ግን ጠየቁኝ።

እንዴት ቻልሽው እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ምሳዎን ሳመጣልዎ እስኪበሉ እጠብቅ አልነበር? ሲበሉ ሳይሆን ሲሠሩ ነበር የማየው። ሞተሩን የኦቦ ዱቤ ልጆች ያስነሱልኛል። በሩን የምንዘጋው ግን ለነፋስ አልነበረም፤ ሴት ቶርኖ ላይ ቆመች ብለው ሊያዩ ስለሚሰበሰቡ ነው። ገርባ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የብረቱን ድምፅ ይሰማል። ሲጮህ “አሳነስሽው”፣ ሲያጉረመርም “በዛብሽ፣ ተመለሺ” ይለኛል። ስመለስ ደግሞ “ሙሉ ዙር” ይለኛል፤ የእርስዎን ደብዳቤ በቃሉ ይዞታል።

ሁለተኛውን ቀለበት ከዚህ ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። የመጨረሻው ነሐስ ነው። ሳይለኩት ለኦቦ ዱቤ አልሰጥም። የውጪውን ልክ ከቀለበቱ ጋር ባለው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ካልሆነ ለሸምሰዲን እሺ ይበሉት፤ ቶርኖውን ራሴ ዘይት ቀብቼ አስጭነዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚሉኝን እሰማለሁ። ከሆነ ግን ለሚካኤል እንዲደርስ ከዲኖ ጋር ይመልሱልኝ።

ገርባ ይህን ጻፊልኝ ብሏል፦ “አባቴ፣ በቀጥታ ስናገርዎ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ማሽኑን ባይወስዱብን። እሷ ከኔ ይልቅ ታጋሽ ናት።” እንዲህ ብሎ አፈረና አጥፊው አለኝ። አላጠፋሁትም።

ማሪቱ


ሰበታ፣ ኅዳር 11

ለልጄ ለማሪቱና ለልጄ ለገርባ

እንደምን ናችሁ? ባለፈው የቀረውንም ሰላምታ እዚህ ላይ ቁጠሩት።

መጀመሪያ ሌላ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ነይ ይላል፣ ከዚያ አትምጪ ይላል፣ ከዚያ የገርባን ዓይን ይጠይቃል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ እናትሽን እከስሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ አሁን አላስታውስም። ቀደድኩት። በተራ ልጽፍ ሞከርኩ፣ አንደኛ ብዬ ቀለበቱን ጻፍኩ፣ ወዲያው ደግሞ ከዓይን በፊት ነሐስ እንዴት ይቀድማል ብዬ ሰረዝኩት። ተራው ጠፍቶብኛል። እንዲሁ ልጻፈው።

ገርባ፣ ልጄ፣ ጽሑፉ የማሪቱ ቢሆንም ቃሉ የአንተ ስለሆነ ለአንተ እመልሳለሁ። እኔም በቀጥታ ስናገርህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምን ዓይነት ሰላምታ እንደሚገባ አላወቅኩም። ስለ ዓይንህ የምለው የለኝም፤ አለኝ ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ ሲጻፍ ሁሉም ትንሽ ሆነ። በርጩማህን ከፍርፋሪው ራቅ አድርግ። መነጽሬን ልኬያለሁ፣ ቶርኖ ላይ የሚደረገውን። ለማሪቱ ነው። ማሰሪያው ላልቶ ነበር፤ እናቷ ሰፍታዋለች።

ቀለበቱን አሁን ወደምሠራበት መጋዘን ወስጄ በብረት መለኪያው በካሊብሮ ለካሁት። በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል፣ አዙሬም ለካሁ። ወረቀቱን ያየሁት ከለካሁ በኋላ ነው። ልክ ነው። ካሊብሮው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ የሌላ ሰው ተውሼ ደገምኩት። ልክ ነው ማሪቱ። ምሳዬን ይዘሽ ስትመጪ ከበር ላይ ዞር በይ፣ ፍርፋሪ ይፈናጠራል ስልሽ ነበር። ዞር ብለሽ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ሳስበው እስካሁን እቆጣ ወይም እስቅ እንደሆነ አልለየሁም።

አንድ ጉድለት አለበት። ጠርዙን አልሞረድሽውም፤ ስለታም ስለሆነ ሲገባ ቤቱን ይቧጭራል። ሞረድ አንስቼ ልጨርስልሽ ነበር። ከዚያ የሰው ሥራ ነው ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ለሚካኤል እንዲደርስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለዲኖ ሰጥቼዋለሁ፤ ለኦቦ ዱቤ ከመስጠትሽ በፊት ራስሽ ሞርጂው።

ዲኖ የምትቆሚበትን መቆሚያም ይዞልሽ ይመጣል። ከሣጥን ጣውላ የሠራሁት ነው። እናትሽ ክርንሽ የት ጋ እንደሚደርስ ግድግዳው ላይ አሳየችኝ፤ ለሠርግ ቀሚስሽ ስትለካሽ ያደረገችው ምልክት እስካሁን አለ። እሱ ላይ ስትቆሚ እጀታው ሆድሽ ላይ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ መንጠልጠል የለም።

ሸምሰዲንን ቶርኖው ሠራተኛ አለው አልኩት። ማነው አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ። ቀለበቱን እንዲያየው ሰጠሁት፣ በጣቱ አዟዟረው፣ ጠርዙ አላለቀም አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ጋሪውን ለሌላ ሥራ አደርገዋለሁ ብሎ ሄደ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር። አማች ቤት ሳይጠሩ አይኬድም፤ ገርባም ዓይኑ እስኪፈታ አይጠራኝም፣ እኔም አላስገድደውም። ግን ሳስበው፣ ቶርኖ ቤት ለመሄድ የሚጠራ ደንበኛ የለም። መጋዘናችን ውስጥ ጥርሱ ያለቀ አንድ ትልቅ ብሎን አለ። ቅዳሜ እሱን ይዤ እመጣለሁ። የመጣሁት ለሥራ ስለሆነ ገርባ ከበርጩማው አይነሳም፤ ደንበኛ ሲመጣ የሚነሳ የለም። እጄን ግን ልዘረጋለት እችላለሁ፣ በየት በኩል እንደቆምኩ ራሴ እነግረዋለሁ። ይህ ነውር ይሁን አይሁን እናትሽን ጠየቅኳት። እኔም እመጣለሁ አለች። እሷ ምን ልታሠራ እንደምትመጣ አልነገረችኝም።

ቅዳሜ በሩን አትዝጉት።

አባታችሁ ወንዳፍራሽ